በወር የምትከፍሏት 10 ዶላር ለትንሹ የሬስሊንግ ድርጅት ስንት ሆና ትደርሳለች?

ሬስሊንግ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ድርጅት ነው፤ ደብሊው ደብሊው ኢ። ጆን ሲና፣ አንደርቴከር፣ ዘ ሮክ፣ በቃ። በዲሽ ያየነውም፣ ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ያየነውም እሱኑ ነው። ከሱ ሥር ግን ሌላ ዓለም አለ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ጃፓን ውስጥ የጡረተኛ ወታደሮች ክበብ ወይም የትምህርት ቤት ጂም ተከራይተው፣ ሪንጉን በጭነት መኪና አምጥተው ገጣጥመው፣ 200 ወይም 400 ወንበር ደርድረው ሾው የሚያዘጋጁ ትናንሽ ድርጅቶች አሉ። ኢንዲ ይባላሉ። እነ ሲኤም ፓንክ፣ እነ ብራያን ዳንኤልሰን፣ እነ ሴት ሮሊንስ ያደጉት እዚያ ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር በወርሃዊ ክፍያ ስልካችን ውስጥ ሲገባ እነዚህ ትናንሾች ምን ሆኑ? አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ብዙ ተመልካች አገኙ፣ ቪዲዮው የሚያስገባላቸው ገንዘብ ግን ተመናመነ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቪዲዮውን የሚሸጡለት ሰው ተቀየረ። ድሮ ለደጋፊ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ለስትሪሚንግ ድርጅት ነው የሚሸጡት። ረጅሙን መልስ የሚፈልግ ይከተለኝ።

መጀመሪያ ኢንዲ ከምን ይኖራል የሚለውን እንይ። አንዱ የበር ገቢ ነው፣ ትኬት። ሁለተኛው ቲሸርትና ፎቶ ነው፤ ይሄኛው ባብዛኛው የሚገባው ለራሱ ለሬስለሩ ነው፤ ሾው ሲያልቅ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሸጣል፣ ለአንዳንዱ ከቀን ክፍያው የሚበልጥ ገንዘብ ከዚያ ይገኛል። ሦስተኛው ቪዲዮ ነው። ወሬያችን ስለ ሦስተኛው ነው።

«ተነጋግረው ለሚጣሉት ነገር ማን ቪዲዮ ይገዛል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። ግን ልብ በሉ፣ ኢንዲውን ለዓመታት ያኖረው ይሄው ነገር ነው። የኳስ ጨዋታ ውጤቱን ካወቃችሁ በኋላ ሙሉ 90 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አታዩትም። ሬስሊንግ እንደዚያ አይደለም። ማን እንዳሸነፈ እያወቅህ፣ «እንዴት አድርገው ሠሩት?» ብለህ ታያለህ። ስለዚህ የዛሬ ወር የተቀረጸ ሾው ዛሬም ዋጋ ነበረው። ቪኤችኤስ ካሴትና ዲቪዲ ቢዘገዩም የተሸጡት ለዚህ ነው።

በ2001 ኢሲደብሊው የሚባለው የፊላደልፊያ ድርጅት ሲከስር፣ የሱን ካሴት እየሸጠ ይኖር የነበረ አርኤፍ ቪዲዮ የሚባል ነጋዴ ዋና ዕቃውን አጣ። ምን አደረገ? ራሱ ድርጅት አቋቋመ። ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለው ይሄ ድርጅት የመጀመሪያ ሾውን ያሳየው በፌብሩዋሪ 2002 እዚያው ፊላደልፊያ ነው። አስቡት፣ ካሜራው ሾውን ሊቀርጽ አልመጣም፤ ሾው የተዘጋጀው ካሜራው የሚቀርጸው ነገር እንዲያገኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጥቂት መቶ ሰው ነው፤ ካሴቱን የሚጠብቀው ደግሞ በየስቴቱ ተበታትኖ ነበር።

ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሬሲዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ ደግሞ ፒደብሊውጂ ነበር። በ2003 የተጀመረ ድርጅት ነው። 400 ሰው ገደማ የሚይዝ የጡረተኛ ወታደሮች አዳራሽ፣ አየር የሌለው፣ ላብ በላብ የሆነ ቦታ። ቴሌቪዥን አልነበረውም፣ ቀጥታ ስርጭት አልነበረውም። ዲቪዲ ብቻ። ያንን ዲቪዲ ግን እንግሊዝም ጃፓንም ያለ የሬስሊንግ ሱሰኛ ይጠብቀው ነበር። አንድ ዲቪዲ ከ15 እስከ 20 ዶላር ነበር። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የገዛህ ሰው የከፈልከው ለዚያ ሾው፣ ለዚያ ድርጅት ነው።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2014 መጣ።

ያን ቀን ደብሊው ደብሊው ኢ ኔትወርክ ብሎ የራሱን የስትሪሚንግ አገልግሎት ከፈተ። ወርሃዊ ክፍያው 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ ዝግጅት ለማየት አሜሪካ ውስጥ 50፣ 60 ዶላር ለኬብል ይከፈል ነበር፣ ለአንድ ምሽት። አሁን በ10 ዶላር የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ሬስልማንያም፣ የየወሩ ትልልቅ ዝግጅትም፣ ደብሊው ደብሊው ኢ በየጊዜው የገዛቸው የድሮ ድርጅቶች ማኅደርም ተጠቅልሎ መጣ። የኢሲደብሊውም ጭምር። ለተመልካች ሠርግና ምላሽ ነው። ትንሿ ድርጅት ግን ከነገ ወዲያ አንድ ዲቪዲ በ20 ዶላር ልትሸጥ ስትወጣ ምን ትባላለች? «በዚህ ግማሽ ሬስልማንያን አያለሁ» ትባላለች። የኢንዲን ዋጋ ማንም በስብሰባ አልቀነሰውም። ሰው ጭንቅላት ውስጥ «ሬስሊንግ በወር 10 ዶላር ነው» የሚል ዋጋ ተቀመጠና አለቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የጃፓኑ የሬስሊንግ ድርጅት ኒው ጃፓን ከአሳሂ ቴሌቪዥን ጋር ሆኖ የራሱን ሲከፍት ስንት አለ? 999 የን። ያው ነው።

እዚህ ጋ የኛን ዘፋኞች ማሰብ ይቻላል። ካሴትና ሲዲ ሲሸጥ አልበሙ ራሱ ገቢ ነበር፤ ዩቲዩብ ሲመጣ አልበሙ ኮንሰርት መጥሪያ ሆነ። ኢንዲ ሬስሊንግም ላይ የሆነው እሱ ነው፤ ቪዲዮው ትኬት ማሻሻጫ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ትናንሾቹ ለየብቻ ከሚሞቱ አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ። በ2017 ፓወርቦምብ ቲቪ የሚባል አገልግሎት ተከፈተ፤ በኋላ ስሙን ቀይሮ ኢንዲፔንደንት ሬስሊንግ ቲቪ ሆነ። በወር 10 ዶላር ትከፍላለህ፣ የብዙ ድርጅቶችን ሾው ታያለህ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ገንዘቡ እንዴት ነው የሚከፋፈለው?

እንዲህ ዓይነት አገልግሎቶች የሚከፍሉባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ ቁርጥ ክፍያ ነው፦ «ለዓመት ይህን ያህል እንሰጥሃለን፣ ሾውህን አምጣ»። ሁለተኛው የጋራ ቋት ነው፦ የሁሉም ተመዝጋቢ ገንዘብ አንድ ላይ ይጠራቀማል፣ አገልግሎቱ ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረው በታየው ደቂቃ መጠን ለድርጅቶቹ ይከፋፈላል። ቋቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ያህል ከራሴ የፈጠርኩትን ቁጥር ልጠቀም። አገልግሎቱ 5,000 ተመዝጋቢ አለው እንበል፣ በ10 ዶላር። 50,000 ዶላር። ግማሹን ለሰርቨር፣ ለሠራተኛ፣ ለትርፍ ወሰደ። 25,000 ቀረ። የኔ ድርጅት በወሩ ውስጥ ከታየው ደቂቃ ሁሉ 2 በመቶውን ይዟል፤ ብዙ ድርጅት ባለበት ቤት ይሄ መጥፎ አይደለም። የሚደርሰኝ 500 ዶላር ነው። ድሮ 100 ዲቪዲ በ15 ዶላር ብሸጥ 1,500 አገኝ ነበር። ያንን ከማተሚያና ከፖስታ ጋር አስሉት ከፈለጋችሁ፤ አሁንም አይገናኝም።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ የሚያበላሸው ጠባይም አለ። ክፍያ በደቂቃ ከሆነ፣ አጭርና ጥርት ያለ የ90 ደቂቃ ሾው ከዘባተሎ የ4 ሰዓት ሾው ያነሰ ይከፈለዋል። ስለዚህ ምን ይመጣል? ሾው ይረዝማል። በወር አንዴ ይዘጋጅ የነበረው በሳምንት ይሆናል። ያው ሬስለር ከያው ሬስለር ጋር በሦስት ከተማ፣ በሦስት ድርጅት ስም ይጋጠማል። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ደጋፊ «ለእናንተ ስል ነው የተመዘገብኩት» ብሎ ይገባል፣ የኔን ሾው በሁለት ሰዓት ጨርሶ ወሩን ሙሉ የሌላውን ሲያይ ይከርማል። ለኔ ብሎ ያመጣት 10 ዶላር አብዛኛዋ ለጎረቤቴ ሄደች ማለት ነው። ደጋፊው ግን እኔን እንደረዳኝ እርግጠኛ ነው፣ ፈርዶበት።

ይህን ስል ስትሪሚንግ ጥፋት ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። ቢዮንድ ሬስሊንግ የሚባለው የኒው ኢንግላንድ ድርጅት በ2019 ከማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከምትባል ከተማ በየሳምንቱ ቀጥታ ማሳየት ጀመረ። በድሮው አሠራር እንዲህ ዓይነት ትንሽ ድርጅት ሳምንታዊ ቀጥታ ሾው ማሰብ አይችልም፤ ማን ቴሌቪዥን ይሰጠዋል? ጂሲደብሊው የሚባለው የኒው ጀርዚ ድርጅት ደግሞ ፋይት በሚባል የስትሪሚንግ አገልግሎት ስሙን አገነነ። ሰው በስልኩ ያየውን ሾው ከተማው ሲመጣ ሊያየው ይወጣል፤ ጂሲደብሊው ከኒው ጀርዚ ወጥቶ በየከተማው መዞር የቻለው በዚህ ነው። በጃንዋሪ 2022 ኒው ዮርክ፣ ሀመርስታይን ቦልሩም ገባ። ገንዘቡ የመጣው ከበር ነው፣ በሩን ያስከፈተው ግን ስክሪኑ ነው። በ2020 አዳራሾች በኮሮና ሲዘጉ ደግሞ ከቪዲዮ ሌላ የረባ ገቢ አልነበረም፤ ባዶ ወንበር ፊት የተፋለሙት ለካሜራው ብለው ነው።

ሬስለሩም ይጠቀማል። ድሮ የጃፓን አዘጋጅ አንድ የአሜሪካ ልጅ እንዲያየው ካሴት በፖስታ ይላክ ነበር። አሁን ሊንክ ይበቃል።

ቁርጥ ክፍያውስ? በ2016 ፍሎስፖርትስ የሚባል የቴክሳስ ድርጅት፣ ትግልና ሩጫ ላይ የሠራበትን ዘዴ ወደ ሬስሊንግ አመጣና ፍሎስላም ብሎ ከፈተ። ኢቮልቭ የሚባለውን የኢንዲ ድርጅት የያዘውን የደብሊው ደብሊው ኤን ቡድን በውል አስገባ፣ ወርሃዊ ክፍያውን 20 ዶላር አደረገው። ለኢንዲ እንደዚያ ዓይነት ገንዘብ ያልተለመደ ነበር። ብዙም አልቆየም። ተመዝጋቢ እንደታሰበው አልመጣም፣ በ2017 ፍሎስፖርትስ «ውሉን ስንዋዋል የተነገረን የተመልካች ቁጥር የተጋነነ ነበር» ብሎ ከሰሰ፣ ደብሊው ደብሊው ኤን ክሱን ካደ፣ ፍሎስላምም ተዘጋ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለጠበቆች እንተወው። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፦ ገቢህ ከአንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት በጀት ላይ ከተንጠለጠለ፣ እሱ ሐሳቡን የቀየረ ቀን አንተ ሾው አበላሽተህ አይደለም የምትወድቀው። ደጋፊህ እዚያው አለ፣ አዳራሹም ሙሉ ነው፣ ግን ወድቀሃል።

«እንግዲያው የራሳቸውን ለምን አይከፍቱም?» ከፍተዋል። የጀርመኑ ደብሊው ኤክስ ደብሊው የራሱ አለው፣ የለንደኑ ፕሮግሬስ ነበረው፣ የግላስጎው አይሲደብሊውም እንደዚሁ። በዚህ መንገድ የደጋፊው ገንዘብ በቀጥታ ይደርሳል፣ ኢሜይሉም አብሮ ይመጣል፤ ማን እንደሚያይህ ታውቃለህ። ችግሩ ሰው ገብቶ ይወጣል። በተለይ የሬስልማንያ ሳምንት በአንድ ከተማ ብዙ የኢንዲ ሾዎች ይደራረባሉ፣ ሰው ለወሩ ይመዘገባል፣ በሚቀጥለው ወር ይሰርዛል። በዚያ ላይ አንድ የኢንዲ አፍቃሪ ስንት ቦታ ይከፍላል? ለትልቁ፣ ለጃፓኑ፣ ለጋራው፣ ለጀርመኑ፣ በየቦታው 10 ዶላር። መጨረሻ ላይ የሚቆረጠው ትንሿ ናት፤ ትልቁን የሚቆርጥ የለም።

ወጪውም አለ። ለዲቪዲ ሁለት ካሜራና አንድ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ይበቃ ነበር፣ ቢበላሽ ይስተካከላል። ቀጥታ ስርጭት ግን ምድር ቤት ካለ አዳራሽ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኮሜንታተር ይፈልጋል፣ ካሜራ የሚቀያይር ሰው ይፈልጋል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ገንዘባችን ይመለስ የሚለው ሰው ወዲያው ነው የሚጽፍልህ። ሙዚቃም አለ። ሬስለር ወደ ሪንግ ሲገባ የታወቀ ዘፈን ይዞ ነው የሚወጣው፣ ግማሹ ድምቀት እሱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ማጫወት አንድ ፈቃድ ነው፣ በቪዲዮ አድርጎ መሸጥ ሌላ ፈቃድ፣ በጣም ውድ። በካሴት ጊዜ ማንም አያይም ነበር፤ ስትሪሚንግ ላይ ማሽን ይሰማሃል። ደብሊው ደብሊው ኢ እንኳ የኢሲደብሊውን ማኅደር ሲያሳይ ብዙውን ሙዚቃ ቀይሮት ነው፤ ያንን ዘመን በልጅነቱ ያየ ሰው ሲሰማው ያንገሸግሸዋል።

ሌላው ጣጣ ሬስለሩ ራሱ ነው። ትልቁ ድርጅት ልጁን ሲያስፈርም አንዳንዴ «ኢንዲ ላይ መፋለም ትችላለህ፣ ቪዲዮ ላይ ግን አትታይም» ይላል። ብሪታንያ ውስጥ ይሄ በደንብ ታይቷል። አይሲደብሊው በኖቬምበር 2016 ግላስጎው በሚገኘው ሃይድሮ አዳራሽ ከ6,000 ሰው በላይ ሰብስቧል፤ ለኢንዲ ይህ ጉድ ነው። ደብሊው ደብሊው ኢ በ2018 ኤንኤክስቲ ዩኬ ብሎ የብሪታንያ ፕሮግራም ጀመረና ከዚያው ሰፈር ምርጥ ምርጦቹን አስፈረመ። ከዚያ በኋላ ትንሿ ድርጅት ዋናው ኮከቧን አዳራሽ ውስጥ ብታገኘው እንኳ በምትሸጠው ስትሪም ላይ የማታገኝበት ጊዜ መጣ። ዋናው ግጥሚያ የሌለበትን ሾው ማን በ10 ዶላር ያያል? ኤንኤክስቲ ዩኬ ራሱ በ2022 ተዘጋ። የብሪታንያ ኢንዲ የተጎዳው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ በ2020 የወጣው የጾታዊ ጥቃት ክስ ጎርፍና ኮሮናም አሉበት።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሳይበርኤጀንት የሚባል የኢንተርኔት ድርጅት፣ አቤማ የተባለው የቪዲዮ አገልግሎት ባለቤት ነው፣ በ2017 ዲዲቲ የሚባለውን የሬስሊንግ ድርጅት ገዛ፣ በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ኖዋ የሚባለውን ገዛ፣ በዚያው ዓመት ሁሉንም ሳይበርፋይት በሚል አንድ ድርጅት ሥር አደረጋቸው። ሬስል ዩኒቨርስ በሚባል አንድ አገልግሎት ይታያሉ። ኖዋ ለዓመታት በገንዘብ ችግር ሲንገላታ የኖረ ቤት ነው፣ እስትንፋሱን ያገኘው ከዚህ ነው። ነፃ ድርጅት ነው ወይ ከተባለ ግን፣ አይደለም። ለሬስለሩ ደሞዝ በጊዜው መግባቱ ነው ዋናው፤ እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም።

አሁን ደግሞ ያ የ10 ዶላር ዋጋ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ፈርሷል። ደብሊው ደብሊው ኢ በ2021 አገልግሎቱን ፒኮክ ለሚባል ሌላ የስትሪሚንግ አገልግሎት ሰጠ፣ በጃንዋሪ 2025 ሮው የሚባለው ሳምንታዊ ፕሮግራሙ ኔትፍሊክስ ላይ ገባ፣ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ትልልቆቹ ዝግጅቶች በወር 29 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚያስከፍለው የኢኤስፒኤን ስፖርት ስትሪሚንግ ላይ ናቸው። ለትናንሾቹ ይህ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፦ «አሁን የኛ 10 ዶላር ርካሽ መሰለ»። እኔ አልተዋጠልኝም። የሰው ኪስ አንድ ነው፣ 30 ዶላር ከወጣ በኋላ የሚቆረጠው ከታች ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ አዘጋጅ ውል ሲቀርብለት እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የብሩን መጠን አይደለም። ቪዲዮው የማን ነው? ውሉ ሲያልቅ ማኅደሩን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ይህን ሾው ሌላ ቦታም መሸጥ ይፈቀድልኛል? አገልግሎቱ ቢዘጋ ፋይሉ በእጄ አለ? ምክንያቱም የዛሬ 15 ዓመት ማንም ያላየው ልጅ ነገ ኮከብ ሲሆን፣ የሚፈለገው የዚያን ቀን ቀረጻ ነው።

ኢቮልቭን ተመልከቱ። በ2010 የተጀመረ ድርጅት ነው፣ በኢንዲ አፍቃሪዎች ዘንድ የተከበረ ስም ነበረው። በጁላይ 2019 አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ሾው በቀጥታ በደብሊው ደብሊው ኢ ኔትወርክ ታየ፤ ያኔ ሰው «ኢንዲው ደረሰ» ብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ኮሮና መጣ፣ ሾው ቆመ፣ በ2020 ደብሊው ደብሊው ኢ ስሙንም ማኅደሩንም ገዛ። በማርች 2025 ቱቢ የሚባለው ነፃ አገልግሎት ላይ ኢቮልቭ የሚል ፕሮግራም ተጀመረ። የሚያዘጋጀው ደብሊው ደብሊው ኢ ነው፣ የሚፋለሙት የራሱ ሠልጣኞች ናቸው፣ ማየትም ምንም አያስከፍልም።